ባትሪ ተገልብጦ ሲሰካ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ምርመራ በኢምባካሲ

ኢምባካሲ የናይሮቢ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። የጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነው፤ ከሞምባሳ የሚመጣውን ኮንቴይነር የሚቀበለው ደረቅ ወደብም እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እዚያው ይሠራል። ስለዚህ በሰፈሩ መንገዶች ላይ ሁለት ዓይነት ተሽከርካሪ ይጋፋል፤ ባለ 24 ቮልቱ ከባድ መኪናና ባለ 12 ቮልቷ ያገለገለች የጃፓን መኪና። የኬንያ ደንብ ከውጭ የሚገባ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበ ከ8 ዓመት እንዳይበልጥና መሪው በቀኝ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ገበያውን የሞሉት ከጃፓን የሚመጡት ፕሮቦክስ፣ ቪትዝ፣ ዴሚዮና ኖት ናቸው።

ባትሪዋ የደከመ ቪትዝ ማለዳ አልነሳ ስትል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ባትሪውን አውጥቶ ቻርጅ ወደሚያደርግ ሱቅ መላክ ነው፤ ሌላው በአጠገብ ከቆመ መኪና በካቮ መቀጠል። ሁለቱም ቀላል ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ስህተቱ ሲፈጠር የሚጠራው የኤሌክትሪክ ፉንዲ ነው። ኬንያውያን የእጅ ባለሙያን ሁሉ ፉንዲ ይሉታል። ከነዚህ ብዙዎቹ ጣሪያ በሌለው ግቢ፣ ጁዋ ካሊ በሚባለው የሥራ ዘርፍ የሚውሉ ናቸው። ጥሩ ፉንዲና መጥፎ ፉንዲ የሚለዩትም በዚህ ስህተት ማግስት ነው። መጥፎው ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ያይና «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ይላል። ጥሩው ቴስተሩን አውጥቶ ከባትሪው ይጀምራል።

ከባትሪው መጀመሩ ምክንያት አለው። ባትሪው ራሱ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 የመጀመሪያውን የእርሳስ ባትሪ ሲሠራ ሁለቱ ሳህኖች አንድ ዓይነት የእርሳስ ቅጠሎች ነበሩ። አንዱን ፖዘቲቭ ሌላውን ኔጌቲቭ ያደረገው የሰጣቸው ቻርጅ ነው። የዛሬው ባትሪ ሳህኖቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የተለያዩ ቢሆኑም፣ ፈጽሞ ሲራገፍ ሁለቱም ወገን ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣል። በዚያ ሰዓት ቻርጀሩ ተገልብጦ ከተሰካበት የተገለበጠውን ቻርጅ ይቀበላል። ባትሪዎችን በተርታ አያይዘው በአንድ ጊዜ ቻርጅ የሚያደርጉ ሱቆች አሉ፤ ከተርታው አንዱ ፊቱን አዙሮ ከተቀመጠ እሱ ብቻ በግልባጭ ይሞላል። ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል፤ ቀዩን ካቮ የመደመር ምልክት ካለበት ላይ፣ ጥቁሩን የመቀነስ ምልክት ካለበት ላይ በትክክል ያስራል። መኪናው ግን ይጎዳል። ቴስተር ብቻ ነው ይህን የሚያጋልጠው። የቴስተሩ ቀይ ሽቦ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ላይ ተደርጎ ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከታየ ባትሪው ተገልብጧል። እንዲህ ያለውን ባትሪ እንደገና ወደ ቀናው ለመመለስ የሚሞክሩ አሉ፤ ሳህኖቹ ስለሚጎዱ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቢቀየር ይሻላል።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ፤ ከጃፓን መኪኖች ጋር የመጣ ነው። በባትሪው ላይ እንደ 46ቢ24ኤል ያለ ጽሑፍ ይገኛል። ቢ የስፋትና የከፍታ ክፍሉ፣ 24 ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ የመጨረሻው ፊደል ደግሞ ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ የሚናገር ነው፤ ለፖዘቲቩ በሚቀርበው አጭር ጎን ሲታይ ኤል ግራ፣ አር ቀኝ። ኤል የሚፈልግ መኪና ላይ አር ከተገዛለት ካቮዎቹ የሚደርሱት በተሳሳተው ጫፍ ላይ ነው። ቸኩሎ የሚያስር ሰው «እዚህ ደረሰ» ብሎ ያስረዋል። እርግጥ ፋብሪካው አስቦበታል፤ ፖዘቲቩ ጫፍ ከኔጌቲቩ ወፈር ያለ ነው። መዶሻ ካልተጨመረበት የኔጌቲቩ ካቮ በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ እሺ ብሎ አይገባም። መዶሻ የማይገኝበት ጋራዥ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ባትሪ ተገልብጦ ሲታሰር መጀመሪያ የሚመታው ዲናሞው ነው። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ባትሪው ከመሄዱ በፊት በስድስት ዳዮዶች ያልፋል። ዳዮድ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ዕቃ ነው። ባትሪው በትክክል ሲታሰር ዳዮዶቹ መንገዱን ይዘጋሉ፤ ከባትሪ ወደ ዲናሞ የሚመለስ ነገር የለም። ባትሪው ሲገለበጥ ግን ሁሉም በሩን ይከፍታሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በቦዲው ዞሮ፣ ሁለት ሁለት ዳዮድ አልፎ፣ በዲናሞው ወፍራም ካቮ ወደ ባትሪው የሚመለስ ክፍት ጎዳና ይፈጠራል። በመቶዎች አምፔር የሚቆጠር ኤሌክትሪክ ይነጉዳል፤ ካቮው ይግላል፤ የሚታየው ብልጭታም የዚህ ነው።

ይህ መጥፎ ዜና ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን መልካም ዜና ነው። ዲናሞው መንገዱን ሲከፍት የተገለበጠው ቮልቴጅ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላው የመኪናው ዕቃ 12 ቮልት ሙሉ በግልባጭ አይደርሰውም። የመኪና ኤሌክትሮኒክስ የሚፈተንበት አይኤስኦ 16750 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ይህን ቆጥሮታል። የዲናሞው መስመር ፊውዝ ከሌለው ዕቃው የሚፈተነው በግልባጭ 4 ቮልት ለ60 ሰከንድ ነው፤ ፊውዝ ካለውና ሊቋረጥ ከቻለ ግን በግልባጭ 14 ቮልት። ምክንያቱም ፊውዙ ሲቃጠል ጋሻው ይነሳል። ከዚያ በኋላ በባትሪው ቀጥታ መስመር ላይ የቀረው ዕቃ ሙሉውን ግልባጭ ይጋፈጣል። ስለዚህ ወሳኙ ጥያቄ ካቮው ተገልብጦ ስንት ጊዜ ቆየ የሚለው ነው። ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ የተነሳና አምስት ደቂቃ ታስሮ የቆየ አንድ አይደሉም። ፉንዲው ቴስተሩን ከማንሳቱ በፊት ይህን ይጠይቅ፤ ባለቤቱም አይደብቅ። አፍሮ «እንጃ፣ ራሱ ነው የጠፋው» የሚል ደንበኛ የራሱን ሒሳብ ያስጨምራል።

ምርመራው ኤሌክትሪኩ በሄደበት መንገድ ይሄዳል። ባትሪው ይፈታል፤ መጀመሪያ ማሳው (ኔጌቲቩ)፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩ። ባትሪው ያበጠ ወይም የጋለ ከሆነ አይነካም። ከመጠን በላይ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ቀጥሎ ትልቁ ፊውዝ ይታያል፤ ከባትሪው አጠገብ በቡሎን የታሰረ፣ በብዙ ቶዮታዎች 100 ወይም 120 አምፔር የሆነ ነው። እሱ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ግማሽ መኪና ይሞታል፣ ግማሹ በሕይወት ይኖራል፤ የጣሪያው መብራት እየበራ ሌላው ጭልም ሊል ይችላል። ይህን ያየ ጀማሪ «ሽቦው ውስጥ ውስጡን ነዷል» ይላል። ቀጥሎ ትንንሾቹ ፊውዞች ይመረመራሉ። በዓይን አይበቃም፤ ስንጥቁ ከፕላስቲኩ ስር ይደበቃል። በፊውዙ ጀርባ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች በቴስተር ይለካል።

ፊውዝ የተቃጠለ እንደሆነ እዚያው ቀይሮ ባትሪውን ማሰር ሁለተኛው ስህተት ነው። ብዙ መኪና የሚወድመው በመጀመሪያው ሳይሆን በዚህ ነው። አጭር ዙር ከኋላው ካለ አዲሱም ይሄዳል፤ ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ሽቦ ጠምዝዞ ያስገባበታል፤ ያን ጊዜ የሚነደው ፊውዙ መሆኑ ይቀርና የሽቦው ጥቅል ይሆናል። ጥሩ ፉንዲ አምፖል ይጠቀማል። የ21 ዋት የፍሬን አምፖል በባትሪው ጫፍና በካቮው መካከል በተርታ ያስገባል። አምፖሉ ከ2 አምፔር በታች ብቻ ስለሚያሳልፍ ሌላ ነገር አያቃጥልም። ቁልፉ ወጥቶ በሮቹ ተዘግተው አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ የሆነ ቦታ አጭር ዙር አለ፤ ካልበራ ወይም ጭል ጭል ብቻ ካለ ፊውዙ ያለ ስጋት ይገባል። አምፖሉ እየበራ የዲናሞው ወፍራም ካቮ ሲነቀል ቢጠፋ ጥፋተኛው ተያዘ።

ዲናሞውን ሳይፈቱም መለካት ይቻላል። ወፍራሙ ካቮ ይነቀልና ቴስተሩ በዳዮድ መለኪያው ይደረጋል፤ ከዲናሞው የካቮ ጫፍ ወደ ቦዲ በአንድ አቅጣጫ ማሳለፍ፣ በሌላው መዝጋት አለበት። በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ ከቀረበ ዳዮዶቹ ቀልጠው ገጥመዋል። ሙሉ በሙሉ ያልሞተ ዳዮድ ግን አሳች ነው። መኪናው ይነሳል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል፤ በማግስቱ ባትሪው ሞቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛ፣ ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት ባለው መካከል መስጠቱ፣ ቴስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ሲዞርም ከግማሽ ቮልት በታች መሆኑ። ሁለተኛ፣ መኪናው ተዘግቶ ካረፈ በኋላ የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆኑ። አንድ አምፔር የሚያፈስ ዳዮድ 36 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ትንሽ ባትሪ በአንድ ቀን ተኩል ባዶ ያደርገዋል።

ኮምፒውተሩ የሚመረመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቁልፉ ሲዞር የሞተር ምልክቱ መብራት ካልበራ፣ የመመርመሪያ ማሽኑም ካልተገናኘ መጀመሪያ የሚታየው የመሰኪያው 16ኛ ቀዳዳ ነው፤ እዚያ የባትሪ ቮልት ከሌለ የጠፋው ትንሽ ፊውዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። መኪናው ካን የተባለውን የመገናኛ መስመር የሚጠቀም ከሆነ፣ ባትሪው ተፈትቶ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ መካከል 60 ኦም ገደማ መነበብ አለበት። ለኮምፒውተሩ ባትሪና ማሳ መድረሱ ተረጋግጦ፣ ለሴንሰሮች የሚያወጣው 5 ቮልት ግን ከሌለ ያን ጊዜ በእርግጥ ሊጠረጠር ይገባል። እንዲያም ሆኖ ቦርዱ ተከፍቶ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው በመግቢያው ላይ ለጥበቃ የተቀመጠ ዳዮድ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ከኪሪንያጋ ጎዳና፣ ማለትም እንደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት የናይሮቢ ሰፈር፣ ገዝቶ መግጠም የመጨረሻው አማራጭ ነው። የፀረ ስርቆት ሥርዓት ያለው መኪና የሌላ መኪና ኮምፒውተር ቢገጠምለት ቁልፉን አያውቀውም፤ ሞተሩም አይነሳም።

ሬዲዮን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከጃፓን የመጡ ብዙ የቶዮታ ናቪጌሽን ሬዲዮኖች ባትሪ ሲፈታ ራሳቸውን ይቆልፉና ኮድ ይጠይቃሉ። በጃፓንኛ የተጻፈውን ማንበብ ያልቻለ ሰው ተቃጠለ ይላል። አልተቃጠለም።

ከጭነት መኪና በተወሰደ 24 ቮልት የተመታች መኪና ሌላ ታሪክ ናት። አቅጣጫው ትክክል ስለሆነ የዲናሞው ዳዮዶች መንገዱን አይከፍቱም፤ ብልጭታውም ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ሞተሩም በኃይል ሊነሳ ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው በአምፖሎች፣ በዲናሞው ቮልት መቆጣጠሪያ፣ በሬዲዮና በመቆጣጠሪያ ሳጥኖች ላይ ነው። ያው የአይኤስኦ መስፈርት ባለ 12 ቮልት ዕቃ 24 ቮልትን በክፍል ሙቀት ለ60 ሰከንድ እንዲፈተንበት ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ለቆየ ዋስትና የለውም። ምርመራው እዚህ ላይ ከፊውዝ ይልቅ ከአምፖሎቹ ቢጀምር ያዋጣል፤ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከሄዱ ባለቤቱ ያልነገረውን እነሱ ይናገራሉ።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ ሁሉ ያለፈበት ዘመን ወሬ ሊመስል ይችላል። ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደች፣ አዲስ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም፣ ሃይብሪድም፣ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያስነሳው፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኙትን ሪሌዎች የሚያሠራው እሱ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይንቀሳቀስም፤ ያን ጊዜ ካቮ ይፈለጋል። እዚህ ውስጥ ዲናሞ የለም። በእሱ ቦታ ከትልቁ ባትሪ 12 ቮልት የሚያወጣ መቀየሪያ አለ፤ ካቮው ከተገለበጠ አደጋ ላይ የሚወድቀው ይህና ፊውዙ ነው፤ ዋጋውም ከዲናሞ ጋር አይነጻጸርም። ፊውዙን ማየት ማንም ይችላል። ብርቱካናማ ካቮ ያለበትን ክፍል ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚያልፍበት ሥልጠና የሌለው ሰው አይክፈተው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ያዙ፤ ጎረቤት ባትሪ ሞቶበት ካቮ ይዞ ቢመጣ ከመቀጠላችሁ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ፤ ብዙ አምራቾች በእነሱ የኤሌክትሪክ መኪና ሌላ መኪና ማስነሳትን ይከለክላሉ።