ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ… ዛሬ የት እንብላ?

ደመወዝ ወጥቷል፣ የአዲስ አበባ ግርግር ሰልችቷል፣ «እስቲ ወጣ ብለን እንብላ» ትባባላላችሁ። በአየር ጤና አድርጋችሁ ሰበታ፣ በአስኮ ቡራዩ ወይም እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ! ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም ለበላተኛው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ታክሲው ሲያወርዳችሁ ግን ለሀገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ ናችሁ። ሁሉም ቤት ሥጋ ሰቅሏል፣ ሁሉም «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ታዲያ ሆድንም ኪስንም የማያስለቅሰው የትኛው ነው?

አንድ ወጣት የወደዳትን ልጅ ይዞ ከእነዚህ ከተሞች ወደ አንዱ ይሄዳል። እሷ ፊት ዋጋ መጠየቅ አሳፈረውና «አንድ ኪሎ ጥብስ!» ብሎ አዘዘ። ሂሳብ ሲመጣ ማስጠበሻው ለብቻ፣ ቫቱ ለብቻ… የመልሱን ታክሲ የከፈለችው እሷ ናት! ልጁን ጉድ የሠራው ድህነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። በማያውቁት ከተማ የሚያስከፍለው አለመጠየቅ ነው።

ማንን እንጠይቅ? በር ላይ ቆሞ የሚጠራችሁን አይደለም። የታክሲ ረዳቱን፣ ሊስትሮውን፣ ባለሱቁን ጠይቁ። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ካላችሁ ትልቁን ፎቅ ያሳዩአችኋል። «አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?» በሉ። «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመርም ፊት ያበራል።

የቆመውንም መኪና እዩ። ሰበታ የጅማ፣ ቡራዩ የአምቦ፣ ሱሉልታ የጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። የሚመላለስ ሾፌር ያልጣመው ቤት ሁለተኛ አይቆምም። ሰው የሚበዛበት ቤት ደግሞ ወጡ አያድርም፣ ሥጋውም አይሰነብትም።

ቀን ቁጠሩ። ረቡዕና ዓርብ አብዛኛው ሰው የጾም ስለሚያዝ በየዓይነቱው ትኩስ ነው። በዚያ ቀን የሚቀርብ ቀይ ወጥ ግን የማክሰኞ ወይም የሐሙስ ሊሆን ይችላል። «መቼ የተሠራ ነው?» ማለት ነውር የለውም።

ቁርጥ ለሚወድ… ሥጋው ላይ የቄራ ማኅተም ፈልጉ። ማኅተም ከሌለው በእንግድነት ጥሬ አይበላም። ማኅተም ቢኖረውም ጥሬ ሥጋ ኮሶ ሊያመጣ ይችላል፤ የሚያስተማምነው በደንብ የበሰለው ነው። በወተት በምትታወቀው ሱሉልታም «የተፈላ ነው?» በሉ። ያልተፈላ ወተት ቲቢን ጨምሮ በሽታ ያስተላልፋል።

በመጨረሻ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ፦ ኪሎው ስንት ነው? ማስጠበሻ አለው? ቫት ይጨመርበታል? ሥጋው ሲመዘንም ሚዛኑ አጠገብ ቁሙ። ደህና ባለቤት በዚህ አይቆጣም፤ የተቆጣ እንደሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል፣ ቀጥሎ ያለውን ቤት ሞክሩ። ከበሉ በኋላ መከራከር ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

መልካም ምግብ!