ጎልዳው፦ ተራራ የተናደባት መንደር

በማዕከላዊ ስዊዘርላንድ፣ ሽቪትስ በተሰኘው ካንቶን ውስጥ፣ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ጎልዳው የምትባል መንደር ትገኛለች። በባቡር የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት ሲመለከት፣ በጫካው መካከል ቤት የሚያካክሉ ቋጥኞች ተበታትነው ያያል። ቋጥኞቹ ጥንትም በዚያ ቦታ የነበሩ አይደሉም። ከ200 ዓመታት በፊት፣ በአንድ አመሻሽ ላይ፣ ከተራራው አናት የወረዱ ናቸው። የቀድሞዋ ጎልዳው ከብዙዎቹ ነዋሪዎቿ ጋር ከሥራቸው ተቀብራለች።

በሁለት ተራሮችና በሁለት ሐይቆች መካከል

ጎልዳው ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠች መንደር ናት። በአንድ ወገኗ 1,800 ሜትር የሚጠጋው ሪጊ፣ በሌላው ወገኗ ደግሞ ወደ 1,580 ሜትር ከፍታ ያለው ሮስበርግ ይገኛሉ። በስተሰሜን ምዕራብ የዙግ ሐይቅ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ አነስተኛው የላወርትስ ሐይቅ ያዋስኗታል።

አካባቢው ዝናብ የማያጣው፣ ሣሩ የለመለመ የግጦሽ ምድር ነው። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎችም ኑሯቸው በከብት እርባታና በወተት ተዋጽኦ ላይ የተመሠረተ ነበር። የሮስበርግ ተዳፋት ከታች እስከ ላይ በመስክ፣ በጎተራና በበረት የተሞላ እንደነበር ይነገራል። ተራራው በጥንት ዘመንም ተንዶ እንደሚያውቅ በሸለቆው ውስጥ የነበሩት አሮጌ ቋጥኞች ምስክር ነበሩ። ይሁን እንጂ ሣር የለበሰ፣ ዛፍ የበቀለበት ቋጥኝ ሰውን ብዙም አያስፈራምና ትውልድ በትውልድ ላይ በዚያው ኖረ።

ተራራው ለምን ተናደ?

ሮስበርግ ከአንድ ወጥ ዐለት የተሠራ ተራራ አይደለም። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ወንዞች ከአልፕስ ተራሮች ጠርገው ያመጡት ጠጠር ተጣብቆና ጠንክሮ ዐለት ሆኗል። የአገሩ ሰዎች ይህን ዐለት ናገልፍሉህ ይሉታል። በጠጠሩ ዐለት ንብርብሮች መካከል ደግሞ ኖራ የተቀላቀለበት ለስላሳ የሸክላ አፈር ተኝቷል። እነዚህ ንብርብሮች አግድም የተዘረጉ ሳይሆኑ፣ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ሸለቆው ያዘነበሉ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ውኃ ሲገባ ነው። ዝናብና የቀለጠ በረዶ በጠጠሩ ዐለት ስንጥቅ አልፎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሸክላው ግን ውኃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውኃው በሁለቱ መካከል ይጠራቀማል። ሸክላው እየራሰ ይላቁጣል፤ የታመቀውም ውኃ ከላይ ያለውን ዐለት ወደ ላይ ይገፋዋል። ዐለቱን ከሥሩ የያዘው ሰበቃ እየቀነሰ ሄዶ የራሱን ክብደት መሸከም ሲያቅተው፣ በሳሙና ላይ እንደተቀመጠ ሰሌዳ ይንሸራተታል።

ከ1806 እ.ኤ.አ. በፊት የነበሩት ዓመታት በረዶና ዝናብ የበዛባቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻም ከባድ ዝናብ ጣለ።

ያቺ አመሻሽ

ዕለቱ መስከረም 2 ቀን 1806 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር የ1798 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ በተራራው ላይ ምልክቶች ታዩ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ድንጋዮች መንከባለል ጀመሩ፤ ከመሬት በታች የዛፍ ሥር ሲበጠስ ተሰማ። ምልክቱን አይተው የሸሹ ነበሩ፤ ብዙዎች ግን ድንጋይ መውደቁን ከዚህ ቀደምም የለመዱት ነገር ነበርና በሥራቸው ላይ ቆዩ።

ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ የተራራው ትከሻ ባንድ ጊዜ ለቀቀ። ወደ 40 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ዐለትና አፈር 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆውን ሞላው። ጎልዳውን ጨምሮ ሮተንና ቡዚንገን የተባሉት መንደሮች ጠፉ። ከናዳው ከፊሉ ወደ ላወርትስ ሐይቅ በመግባቱ እስከ 20 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ተነሥቶ በሐይቁ ዳርቻ የነበሩትን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ።

በአደጋው 457 ሰዎች ሞቱ። ከ100 በላይ መኖሪያ ቤቶች፣ ከ200 በላይ በረቶችና ጎተራዎች እንዲሁም ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ወደሙ። በሕይወት የተረፈው ገበሬም ቢሆን ከብቱን ብቻ ሳይሆን መሬቱን ጭምር አጣ፤ እርሻና መስኩ ከዐለት ክምር ሥር ነበርና።

የጎረቤት እጅ

ስዊዘርላንድ በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ካንቶን ራሱን የሚያስተዳድርባት፣ በሃይማኖትም በካቶሊክና በፕሮቴስታንት የተከፈለች አገር ነበረች። በዓመቱ የአገሪቱ ርዕሰ መሪ የነበሩት አንድሬያስ ሜሪያን ለሁሉም ካንቶኖች የእርዳታ ጥሪ አቀረቡ። ገንዘብ ተዋጣ፤ ፍርስራሹን የሚያነሡና የታገደውን ውኃ መንገድ የሚያበጁ ሠራተኞችም ተላኩ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን በስዊዘርላንድ አገር አቀፍ የወገን ድጋፍ የመጀመሪያው አድርገው ይቆጥሩታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው።

የአርት ከተማ ሐኪም የነበሩት ካርል ዛይ ደግሞ በ1807 ስለ አደጋው መጽሐፍ አሳተሙ። ተመራማሪዎች ዛሬም ድረስ የሚመለከቱት ምስክርነት ሆኗል።

በናዳው ላይ የተሠራች መንደር

የተረፉት ሰዎች ቀስ በቀስ ተመልሰው በፍርስራሹ ላይ ቤት ሠሩ። መንደሯን ዳግም ያነሣት ግን ባቡር ነው። በ1875 ወደ ሪጊ ተራራ የሚወጣው፣ በ1882 ደግሞ ጀርመንን ከጣሊያን የሚያገናኘው የጎትሃርድ የባቡር መስመር ተከፈተ፤ ጎልዳውም የመስመሮች መገናኛ ሆነች። በ1925 ዐለቱ በተከመረበት ስፍራ የዱር እንስሳት ማቆያ ተቋቋመ። ለእርሻ የማይሆነው መሬት ለጎብኚ ሆነ። ተራራው የተገመጠበት ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ ከሩቅ ይታያል።

ምልክቱን ማወቅ

የጎልዳው ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከከባድ ዝናብ በኋላ ነበር። ቀድሞ የተቀበሩትን ለማዳን የሮጡ ሰዎችም በሁለተኛው ናዳ ተወስደዋል። ዐለቱና አፈሩ ይለያይ እንጂ፣ ተዳፋትን የሚያስለቅቀው የውኃ ጉልበት አንድ ነው።

በተዳፋት ላይ ወይም ከሥሩ የሚኖር ሰው በክረምት ልብ ሊላቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ በመሬት ወይም በግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም አጥር፣ ባልነበረበት የፈለቀ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ የሚንከባለል ድንጋይና ከመሬት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ። እነዚህ ሲታዩ ቤተሰብንና ከብትን ከተዳፋቱ አቅጣጫ ወደ ጎን ማራቅ፣ ጎረቤትን መጥራትና ለቀበሌ ማሳወቅ ይገባል። ናዳ ከወረደ በኋላም መሬቱ መርጋቱ ሳይረጋገጥ ወደ ስፍራው መመለስ አደገኛ ነው። በጎልዳው ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ ናዳው የነበሩት ጥቂት ሰዓታት ለብዙዎች መሸሻ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።