ኢዕቲካፍ በቤት፦ ድስቱን ማን ይጣደው?

ረመዳን በገባ ቁጥር የምናነበውና የምንሰማው ዜና ከመስጊድ ደጃፍ ይጀምራል። የተራዊሕ ሶላት ሰልፍ፣ በአደባባይ የሚዘረጋው ኢፍጧር፣ የኢድ ዋዜማ የገበያ ግርግር ይዘገባል። በወሩ መጨረሻ አስር ቀናት ግን ካሜራ የማይደርስበት፣ በየቤቱ ጓዳ የሚፈጸም አንድ ኢባዳ አለ። እናት ወይም እህት ከክፍሉ ጥግ አንሶላ ጋርዳ፣ መስገጃዋን አንጥፋ፣ ቁርአኗን ይዛ ከቤቱ ጫጫታ ትገለላለች። ይህ የሴቶች የቤት ውስጥ ኢዕቲካፍ ነው። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነውም ስለዚሁ ነው።

ኢዕቲካፍ ለአላህ ብሎ በአንድ ስፍራ መቀመጥ፣ ከዓለማዊ ጉዳይ ተለይቶ በሶላት፣ በቁርአን፣ በዚክርና በዱዓ መሰንበት ነው። ክርስቲያን አንባብያን ሱባኤ መግባት ከሚሉት ጋር ቢያመሳስሉት ብዙ አይርቁም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የረመዳንን የመጨረሻ አስር ቀናት በመስጊድ ውስጥ በዚህ ሁኔታ ያሳልፉ እንደነበር፣ ከእሳቸው ሕልፈት በኋላም ባለቤቶቻቸው ኢዕቲካፍ መግባታቸውን እንደቀጠሉ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቧቸው ሐዲሶች ሰፍሯል። ጊዜው የሚጀምረው በ20ኛው ቀን ጀምበር ስትጠልቅ ሲሆን የሚያበቃው የሸዋል ጨረቃ ስትታይ ነው። ከሺህ ወር ትበልጣለች የምትባለው ለይለተል ቀድር የምትፈለገውም በእነዚሁ ሌሊቶች ውስጥ ነው።

ለመሆኑ ሴት ኢዕቲካፏን በቤቷ ብትፈጽም ይያዝላታል? በዚህ ላይ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። የማሊኪ፣ የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሀቦች ሴትም ብትሆን ኢዕቲካፍ መስጊድ ውስጥ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። ማስረጃቸውም ቁርአን በሱረቱል በቀራ 187ኛ አንቀጽ ስለ ኢዕቲካፍ ሲናገር መስጊዶችን መጥቀሱ ነው። የሐነፊ መዝሀብ ደግሞ ለሴት የሚመረጠው የቤቷ መስጊድ ነው ይላል። የቤት መስጊድ ማለት በቤቷ ውስጥ ለሶላት የለየችው ስፍራ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ከሌላት ኢዕቲካፍ ስትገባ ለይታ ትወስነዋለች። ኢማም ሻፊዒ ራሳቸው በቀድሞው አስተያየታቸው የቤቱን ተቀብለው እንደነበርና በኋለኛው እንደተዉት የመዝሀባቸው ኪታቦች ይገልጻሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። ነቢዩ ኢዕቲካፍ ሊገቡ ሲሉ አዒሻ ፈቃድ ጠይቃ መስጊድ ውስጥ ድንኳን ተከለች። ሐፍሷም አስፈቅዳ ተከለች። ዘይነብ ይህን አይታ የራሷን አቆመች። ነቢዩ ድንኳኖቹን ሲያዩ ነገሩ በጎ ሥራ ተፈልጎበት እንደሆነ ጠየቁ፤ በዚያ ረመዳንም ኢዕቲካፋቸውን ትተው በሸዋል አስር ቀን ተቀመጡ። አንዱ ወገን ፈቃዱን ይዞ ሴት መስጊድ ውስጥ መቀመጧ የተፈቀደ ነው ይላል። ሌላው የድንኳኖቹን መነሳት ይዞ ቤቷ ይሻላታል ይላል። እኛ ፈራጅ አይደለንም። አንባቢ የራሱን ዑለማ ይጠይቅ።

በተግባር ግን የቤቱ ኢዕቲካፍ የሐነፊ መዝሀብ በተስፋፋባቸው አገሮች፣ በፓኪስታን፣ በሕንድና በባንግላዴሽ ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው። በአገራችንም በወሎ የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ጎን ለጎን ሲጠኑ ኖረዋል። ቤትን የጸሎት ስፍራ ማድረግም ለወሎ እናት እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና ተፈልቶ፣ እጣን ጨሶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚደረገው የወዳጃ ዱዓ የሚካሄደው በቤት ነው። ልዩነቱ ወዳጃ ሰው መሰብሰቡ፣ ኢዕቲካፍ ደግሞ ከሰው መለየቱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በሐነፊዎቹ ሥርዓት ኢዕቲካፍ የገባች ሴት ከለየችው ስፍራ ያለ በቂ ምክንያት መውጣት አትችልም። ለመጸዳጃና ለውዱእ ትወጣለች። የምትበላውም የምትተኛውም እዚያው ነው። የወር አበባ ከመጣባት ኢዕቲካፉ ይቋረጣል። ባለትዳር ከሆነች የባሏን ፈቃድ ማግኘት አለባት። በዚሁ መዝሀብ ባል አንዴ ከፈቀደ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ሊከለክላት አይችልም። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ልብ ልትባል ይገባታል። ቃል ከተሰጠ በኋላ እነዚያ ቀናት የእሷ ናቸው ማለት ነውና።

ይሁንና የአፍ ፈቃድ ሌላ፣ የእጅ ሥራ ሌላ ነው። ወንዱ ለአስር ቀን ፍራሹን ተሸክሞ መስጊድ ሲገባ ቤቱ እንደነበረ ይቀጥላል። ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ ሾርባው ይፈላል፤ አልፎ ተርፎም ኢፍጧሩ በሳህን ተሸፍኖ መስጊድ ድረስ ይሄድለታል። ሴቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ ስትቀመጥ ግን ድስቱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ እየጠበቃት ነው። ሕጻኑ ድምጿን ይሰማል። እንግዳ በሩን ያንኳኳል። መስጊድ የገባ ሰው መንገዱና ግድግዳው ይከልሉታል። ቤት የተቀመጠችን ሴት የሚከልላት አንድ አንሶላና የቤተሰቧ ፈቃደኝነት ብቻ ነው። ስለዚህ የቤቱ ኢዕቲካፍ የአንዲት ሴት ኢባዳ ይባል እንጂ የሚቆመው ባልም፣ ወንድምም፣ ትልልቅ ልጆችም ጓዳ ሲገቡ ነው።

ይህንን ወንዶች በራሳቸው ላይ ደርሶ ያዩበት ዓመት ነበር። በ2020 (እ.ኤ.አ) በኮሮና ወረርሽኝ የተነሳ በዓለም ዙሪያ መስጊዶች ተዘጉ። በመካና በመዲና ሁለቱ ቅዱሳን መስጊዶች ሳይቀር የዚያ ረመዳን ኢዕቲካፍ ታገደ። ወንዱ ቤቱ ቀርቶ ለጸሎት ጥግ ሲፈልግ ሕጻን ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ ወጥ ያራል። ብዙዎቹ ዑለማዎች የወንድ ኢዕቲካፍ በቤት አይሆንም ብለው በቤቱ በሚያደርገው ኢባዳ እንዲጽናና መከሩት። እናቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበትን ሁኔታ አባወራው በአንድ ወር ቀመሰው ማለት ነው።

በስደት ያሉት እህቶቻችን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በሁለት ፈረቃ የምትሠራ፣ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት አስር ቀን ከየት ታመጣለች? ለእሷ ደግነቱ በርካታ ዑለማዎች የፈቃድ ኢዕቲካፍ ለአጭር ጊዜም ሊሆን እንደሚችል ማስተማራቸው ነው። ከዒሻ እስከ ሱሑር ያለችውን ሌሊት ስልኳን አጥፍታ ብትቀመጥ፣ መዝሀቧ በሚፈቅደው ስፍራ እስከሆነ ድረስ፣ ድርሻዋ አይቀርባትም።

በገልፍ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩትን ግን ምን እንበል? ረመዳን ለእነሱ ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። ቀን ጾመው ያበስላሉ፣ ማታ እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ ሌሊት ሱሑር ያቀርባሉ። እመቤቲቱ ተራዊሕ ስትሄድ ልጆቹን የሚይዙት እነሱ ናቸው። የሌላው ኢባዳ የቆመው በእነሱ ጫንቃ ላይ ነው። ብዙዎቹ ለሶላት ይቅርና ለመኝታም የራሳቸው የሚሉት ክፍል የላቸውም። ሳዑዲ አረቢያ በ2013 ያወጣችው ደንብ የቤት ሠራተኛ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን እንድታርፍ ደንግጎ ነበር። ኩዌት በ2015 ባወጣችው ሕግ የቀኑ ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥና የሳምንት ዕረፍት እንዲኖር ወስናለች። ነገር ግን በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ የሆነች ልጅ ማንን ከሳ ዕረፍቷን ታስከብራለች? በተዘጋ በር ጀርባ የሚሆነውን የሚቆጣጠር የለም። ለአስር ቀን ኢዕቲካፍ ይቅርና ለአንዲት ሌሊት ዱዓ እንኳ የሰው ፈቃድ ያስፈልጋታል።

ውድ አንባብያን፣ መጪው ረመዳን ሳይደርስ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ቢመክር ይበጃል እንላለን። ማን ያበስላል? ማን ልጆቹን ያነሳል? ማን በሩን ይከፍታል? ይህ አስቀድሞ ከተወሰነ እናት አንሶላዋን ስትጋርድ ጆሮዋ ከጓዳ አይቀርም። የሰው ልጅ ቀጥረው የሚያሠሩም ቢሆኑ የራሳቸውን ጾምና ጸሎት የምታቀናላቸው ልጅ እሷም ጌታዋን የምትለምንበት ሰዓት እንደሚያስፈልጋት አይዘንጉ። ከሺህ ወር የምትበልጠው ሌሊት ለድስት ጣጅዋም ወጥታለችና።

ቸር ይግጠመን!