ሻምፒዮኑም የተፈተነበት ፈቃድ

ማክስ ቨርስታፐን በፎርሙላ 1 አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የውድድር መስመር ላይ በጂቲ3 የውድድር መኪና ለመወዳደር ሲፈልግ የቦታውን ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነበት። እንደ ማንኛውም አማተር ቁጭ ብሎ ተማረ፣ ተፈተነ፣ ከዚያም ጉልበቷ ሆን ተብሎ በተቀነሰ ፖርሸ ካይማን ተወዳደረ። ፈቃዱን ይዞ በዚያው ወር በፌራሪ ተመለሰና ከቡድን ጓደኛው ጋር አሸነፈ።

ይህ ሁሉ ለምን? ኖርድሽላይፈ የሚባለው የቦታው ጥንታዊ መስመር ብቻውን ከ20 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከ70 በላይ ኩርባዎች አሉት፤ በደን መሃል ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ጫፍ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሌላው ጫፍ ደረቅ ሊሆን ይችላል። የፎርሙላ 1 ሹፌሩ ኒኪ ላውዳ እ.ኤ.አ. በ1976 መኪናው በእሳት የተያያዘችበት እዚህ ነው። በዚያ ላይ ፈጣኑም ዘገምተኛውም መኪና በአንድ ውድድር ይሮጣሉ። ስለዚህ ፈቃዱ ሁለት ደረጃ አለው፦ ሹፌሮች በመጀመሪያ ደካማ ጉልበት ባለው መኪና ልምድ ይቀስማሉ፣ ከዚያ ወደ ኃይለኛው ያልፋሉ።

ይህ የአንድ ቦታ ተጨማሪ ፈቃድ ነው፤ ከስሩ ዋናው የውድድር ፈቃድ አለ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ፊያ) በየአገሩ ለአንድ አካል እውቅና ይሰጣል፤ ፈቃድ የሚወጣው ከዚያ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጀማሪ በአሽከርካሪዎች ትምህርት ቤት ከአሰልጣኝ ጋር ይነዳል፣ የጽሑፍ ፈተናም ይወስዳል። ከፈተናው የምወደው ለሹፌሮች ምልክት የሚሰጡት ባንዲራዎች ክፍል ነው፦ ሌላው ላይ ትንሽ መሳሳት ይቻላል፣ የባንዲራ ጥያቄ ግን አንድም መሳት አይቻልም። ትክክል ነው! ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ትርጉሙ ያልገባው ሰው ከፊቱ መንገድ ላይ የቆመን ሠራተኛ ሊገጭ ይችላል።

ወደ ውጭ አገር ሲታሰብ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ። ለዓለም አቀፍ ውድድር ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃዱን የሰጠው ፌዴሬሽን «ሂድ፣ ተወዳደር» ብሎ አስቀድሞ መስማማት አለበት። የሕክምና ምርመራም አለ። ትኬት ከመቁረጥ በፊት ለፌዴሬሽኑ መጻፍ ይሻላል።

ከአገራችሁ ውጭ የምትኖሩ ጓደኞቼ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በምትኖሩበት አገር ፈቃድ ማውጣት ብትፈልጉ፣ የፓስፖርታችሁ አገር ፌዴሬሽን የፊያ አባል ከሆነ የእሱ ስምምነት ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ በተራ ውድድር የምትቆጠሩት ፈቃዱን በሰጣችሁ አገር ነው። በፊያ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ግን ፈቃዱ ከየትም ይውጣ፣ የሚታየው የፓስፖርታችሁ ዜግነት ነው።