ከዴስክ ሥር የሚደበቅ ተማሪ፦ ኦቲዝምና ጭንቀት በመማሪያ ክፍል

ኦቲዝም ሕፃን ከሰው ጋር የሚግባባበትንና በዙሪያው ያለውን የሚረዳበትን መንገድ የሚለይ፣ ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ ነው። ጭንቀት ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣና በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች 40 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ዓይነት የጭንቀት ሕመም አለባቸው።

ችግሩ ጭንቀቱ ክፍል ውስጥ ሌላ መልክ መያዙ ነው። ልጁ ጆሮውን ይደፍናል፣ ከዴስክ ሥር ይገባል፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል፣ ወይም ሮጦ ይወጣል። መምህሩ ይህን እንደ ብልግና ቆጥሮ ከተቆጣ ፍርሃቱ ይብሳል።

በምዕራብ ኦሮሚያ የምትገኘው ኢሉ አባቦር ደግሞ የራሷ ፈተና አላት። በመቱና በጎሬ ከተሞች የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ ዶፉ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ የመምህሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ድምፅ ለሚያስጨንቀው ልጅ ይህ ከባድ ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ ማስረዳቱን አቁሞ የሥዕል ወይም የጽሑፍ ሥራ መስጠት፣ ልጁንም ጆሮውን እንዲሸፍን መፍቀድ ይበጃል።

ከድምፅ ባልተናነሰ የሚያስፈራው ያልታወቀ ነገር ነው። የቀኑ ፕሮግራም በካርቶን ላይ በሥዕል ተስሎ ቢለጠፍና ያለቀው ክፍለ ጊዜ እየተገለበጠ ቢሄድ፣ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ሥዕሉ የመማሪያ ቋንቋ የሆነውን አፋን ኦሮሞ ገና በደንብ ላልያዘ ልጅም ይጠቅማል። የማይለወጥ መቀመጫ፣ ደወል ከመደወሉ በፊት ማስጠንቀቂያ፣ አንድ በአንድ የሚሰጥ አጭር ትእዛዝ፤ አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጁን ከሚፈራው ሁሉ ማራቅ ግን አይመከርም፤ የተሸሸ ነገር ይበልጥ ያስፈራል። የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ የሚያስጨንቀው ልጅ መጀመሪያ ከዳር ለጥቂት ደቂቃ ይቁም፤ ሲለምድ ወደ ሰልፉ ይጠጋ። ጭንቀቱ ከገነፈለ በኋላ ምክርም ቁጣም አይሠራም፤ ቃል ቀንሶ፣ የከበቡትን ልጆች በትኖ ጸጥ ወዳለ ጥግ መውሰድ ነው የሚሻለው። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው፤ መቱ ካርል ሆስፒታል ለአካባቢው ቅርብ ነው።

በአገራችን የኦቲዝምን ጉዳይ ወደ አደባባይ ካወጡት ዋነኛዋ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኢትዮጵያም በ2010 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር የመማር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ለመቱ ልጅ ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ያለው ድጋፍ የክፍሉ መምህር ነው።

የቀን ልማድ መለዋወጥም ስለሚያስጨንቅ፣ ፈረቃ ሳምንት በሳምንት በሚቀያየርባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ርእሰ መምህራን፣ እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፈረቃ እንዲማሩ ይፍቀዱላቸው።