ትንሽ አውሮፕላን በመኪና ስትጫን

እ.ኤ.አ. በ1936 ጣሊያኖች ከኢትዮጵያ የወሰዷት ባለ ሁለት መቀመጫዋ «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መመለሷን ብዙዎቻችሁ በሬዲዮ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1935 አቃቂ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት ስትሆን፣ ስሟም የንጉሡ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ታዲያ በርራ መጣች ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ለስንት ዓመት ሙዚየም የቆመችን አውሮፕላን ማን አስነስቶ ያበራታል?

ነገሩ የሙዚየም ብቻ አይደለም። ራቅ ባለ የአፈር ሜዳ ላይ አርፋ ፕሮፔለሯ መሬት የነካ ትንሽ አውሮፕላንም አንዳንዴ ወደ ጋራዥ የምትሄደው በመኪና ተጭና ነው። ለምሳሌ በዓለም ላይ በብዛት የተሠራችውን ሴስና 172 እንውሰድ። ባዶዋን 750 ኪሎ ገደማ ብትመዝን ነው፤ ከአንድ ፒክአፕ ታንሳለች። ችግሩ ክብደቷ ሳይሆን ስፋቷ ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ሲሆን የጭነት መኪና ስፋት ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ክንፉ ይፈታል። የጭራዋ አግዳሚ ክንፍም ከ3 ሜትር ስለሚበልጥ እሱም ይወርዳል።

ከመፍታት በፊት ቤንዚኑ ይቀዳል፣ ባትሪው ይነቀላል። ታንኩ ባዶ ነው ብሎ መዘናጋት ግን አደጋ አለው። ቤንዚን የነበረበት ባዶ ታንክ በውስጡ በቀረው ትነት የተነሳ ከሙሉው ይልቅ በቀላሉ ይፈነዳል። (ባዶ ጀሪካን አጠገብ ሲጋራ የሚለኩሱ ወንድሞችም ይህን ልብ ቢሉት ጥሩ ነው።)

የክንፉ ላሜራ ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣውላ ላይ እንዲሁ ቢያስተኙት በመንገዱ ንዝረት ይጎደጉዳል። ስለዚህ የፊት ጠርዙ ወደ ታች ሆኖ፣ ስፖንጅ በተነጠፈበት የእንጨት ማቀፊያ ላይ በጎኑ ይቆማል። አካሏን ደግሞ እንደ ከሰል ጆንያ ገመድ አዙሮ መጠፈር አይቻልም፤ ሆዷ ይጨማደዳል። የሚታሰረው እግሯና ለማሰሪያ የተሠሩት ቀለበቶች ላይ ነው። ሞተሩ ከወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ጭራዋ ዱብ ይላል፤ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ብሎኖቹ ተለይተው በየከረጢቱ ገብተው ስም ይጻፍባቸዋል።

ውጭ ቆማ የምትጠብቅ ከሆነ ንፋስ አለ። ይህች አውሮፕላን ከመሬት የምትነሳው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሮጥ ነው፤ ኃይለኛ ንፋስ ከፊት ከመጣባት ቆማም መነሳት ሊያምራት ይችላል። ክንፎቿና ጭራዋ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ችንካር ጋር ካልታሰሩ ተገልብጣ ትገኛለች።

ከንፋሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ተርብ ነው። የአየር ፍጥነት የሚለካው ከፊት በምትወጣ ቀጭን ቱቦ ሲሆን ጭቃ ሠሪ ተርብ እዚያ ውስጥ ቤት መሥራት ይወዳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳው የበርገንኤር ቦይንግ 757 ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። አውሮፕላኑ ቱቦው ሳይሸፈን ለሳምንታት ቆሞ ነበር፤ የፍጥነት መለኪያው የተሳሳተውም ቱቦው ተደፍኖ ነው። ማንም አይቶ ባያረጋግጠውም መርማሪዎቹ ከሁሉ በላይ የጠረጠሩት ተርብ ነው። መከላከያው ከጨርቅ የተሰፋች ትንሽ ከረጢት ናት፤ ከበረራ በፊት እንዳትረሳ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልባታል።

ክንፉ ተመልሶ ሲገጠም ፈቃድ ያለው መካኒክ አይቶ ሳይፈርም አትበርም። መሪው ወደ ግራ ሲዞር በግራ ክንፍ ጫፍ ያለው ማጠፊያ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ወደ ታች ከወረደ የሽቦ ገመዱ ተገላብጦ ታስሯል፤ አብራሪው ይህን ማወቅ ያለበት መሬት ላይ ሳለ ነው።