አዲስ የተገጠመ ኮምፒዩተር አልነሳ ሲል

ወጣቶቻችን የኮምፒዩተር ዕቃዎችን አንድ በአንድ እየገዙ በገዛ እጃቸው መገጣጠም ከጀመሩ ሰንበትበት ብለዋል። ለቤተሰብ አቅም የሚስማማውን መርጦ ማሰባሰብ ብልህነት ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሁሉም ተገጥሞ ማብሪያው ሲጫን ስክሪኑ ጨልሞ የቀረ እንደሆነ ነው። በዚያች ሰዓት ገንዘብ የከፈለው ይቆጣል፤ የገጠመው ያፍራል፤ በቦታው የሌለው ሻጭም ይታማል። በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነበር።

ታናሽ ወንድማችን ተማሪ ነው። ማዘርቦርዱን፣ ራሙንና ሌላውን ዕቃ እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ገዛ። ሬዘን 5 5600 የተባለውን ፕሮሰሰር ደግሞ አክስታችን ከዱባይ ይዘውለት መጡ። ገንዘቡ አባታችን ከቤቱ ወጪ እየቀነሱ ያጠራቀሙት ነበር። ማታ ላይ ገጥሞ ጨረሰና ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ።

አባታችን «ይህ ሰውዬ የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጠልህ። ነገ በጠዋት እሄድለታለሁ!» አሉ። ወንድማችን በበኩሉ የጠረጠረው አክስታችን ያመጡትን ነበር፤ አፍ አውጥቶ መናገር ግን አልደፈረም። እኛም «አባባ፣ አብሽሩ። ሰው ከመክሰሳችን በፊት ዕቃውን እንየው» አልናቸው።

ሲበራ የሚሆነው

ኮምፒዩተር እንደተበራ ወዲያው ዊንዶውስን አይጠራም። በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈው ባዮስ የተባለው ፕሮግራም አስቀድሞ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ግራፊክስ ካርዱን ይፈትሻል። ፍተሻው ካላለፈ ስክሪኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድም ነገር አይታይም። የአምራቹ ምልክት ታይቶ የሚነሳበት ዲስክ እንደሌለ የሚገልጽ ጽሑፍ ከመጣ ግን ፍተሻው አልፏል ማለት ነው። ያኔ የሚመረመረው ዲስኩና ዊንዶውስ የሚጫንበት ፍላሽ ነው። የእኛ ችግር የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

አንድ በአንድ መፈተሽ

1ኛ/ ኤሌክትሪክ፦ ሶኬቱን፣ ማከፋፈያውንና ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ አየን። በአንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለሆነ በ230 ላይ መሆን አለበት፤ በ115 ላይ እንዳለ ከተሰካ ይቃጠላል። ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ገመዱን ከሶኬት ነቅለን ሠራን።

2ኛ/ ሁለቱ ገመዶች፦ ማዘርቦርዱ 24 ቀዳዳ ካለው ትልቅ ገመድ ሌላ፣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 8 ቀዳዳ ገመድ ያስፈልገዋል። ጀማሪዎች አዘውትረው የሚረሱት ይህን ሁለተኛውን ነው። እርሱ ከተረሳ ማራገቢያው ቢዞርም ፕሮሰሰሩ ኃይል አያገኝም።

3ኛ/ ራም፦ አውጥተን «ቀጭ» እስኪል ድረስ መልሰን ተጫንነው። አራት ማስገቢያ ባለው ማዘርቦርድ ሁለት ራም ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ነው። ዲዲአር5 ራም ያለው አዲስ ኮምፒዩተር ከሆነ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅበት ስለሚችል ሳይጠብቁ ማጥፋት ስሕተት ነው።

4ኛ/ የስክሪን ገመድ፦ ሬዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ስለዚህ ገመዱ የሚሰካው በማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።

5ኛ/ መቀነስ፦ ይህ ሁሉ ደህና ሲሆን ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተን በካርቶኑ ላይ አስቀመጥነው፤ ያለ ቦታው የገባ ብሎን ከሥር ነክቶት ሊሆን ይችላልና። ፕሮሰሰሩን ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራምና ግራፊክስ ካርዱን ብቻ አስቀረን። በአንድ ጊዜ የምንቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሆነውንም በደብተር ጻፍን። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው፣ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ማንም አልበደለም

በብዙ ማዘርቦርዶች ጠርዝ ላይ ፍተሻው የት እንደቆመ የሚያመለክቱ አራት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለመነሻ ዲስክ። በእኛው ላይ በርቶ የቀረው የፕሮሰሰሩ ነበር። ወንድማችን አንገቱን ደፋ፤ የአክስቱ ስጦታ ተበላሽቶ የመጣ መሰለው። ነገር ግን መብራቱ የሚናገረው ፍተሻው እዚያ ላይ መቆሙን እንጂ ዕቃው መበላሸቱን አይደለም።

የማዘርቦርዱን ካርቶን ስናገላብጥ ነገሩ ተገለጠልን። ማዘርቦርዱ ቢ450 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ይህ ዓይነት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፕሮሰሰሩ የወጣው በ2022 ነው። መሰኪያቸው አንድ ስለሆነ በትክክል ይገጥማሉ፤ ነገር ግን የቆየ ባዮስ ከእርሱ በኋላ የተሠራውን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ሁለቱም ዕቃዎች ደህና ነበሩ፤ አልተዋወቁም እንጂ።

በማግስቱ አባታችን ወደ ሱቁ የሄዱት ለጠብ ሳይሆን ለጥያቄ ነበር። ባለሱቁ ደብተራችንን አይቶ፣ ቀደም ያለ ፕሮሰሰር ለጊዜው ገጠመና ባዮሱን በአዲስ ቀየረው። ይህን የሠራው ኮምፒዩተሩን ከዩፒኤስ ጋር አገናኝቶ ነው። ባዮስ እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከናካቴው ላይነሳ ይችላልና፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም። ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ባዮስ የሚቀየርበት ቁልፍ ያላቸው ማዘርቦርዶችም አሉ። ዕቃ ከመግዛት በፊት አምራቹ የሚያወጣውን የተስማሚ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ማየት ደግሞ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

የአክስታችን ፕሮሰሰር ወደ ቦታው ሲመለስ ስክሪኑ በራ። አባታችን በመንገድ ላይ «ማታውኑ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በምን ዓይኔ አየው ነበር?» አሉን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ወጣቶች ሆይ፣ ከመጠርጠራችሁ በፊት ፈትሹ፤ የፈተሻችሁትንም ጻፉ። ወላጆችም ጥቂት ታገሱ፤ ጨልሞ የቀረ ስክሪን ሁሉ የባከነ ገንዘብ አይደለም።